ከትራፐርስ ሐይቅ እስከ አምባው አናት፦ የአምስት ቀን የኤልክ ቅኝት በፍላት ቶፕስ

ነሐሴ ላይ ኤልክ የተባለውን ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ማየት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ደህና ባይኖኩላር የያዘና ጎህ ሳይቀድ መነሣት የማይከብደው ሰው በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያያል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ አዳኝ ሲበዛ ይህ እንስሳ ወዴት ይሸሻል? ከወደቀ በኋላስ መቶ ኪሎ የሚጠጋው ሥጋ በየት በኩል፣ በማን ጀርባ ይወጣል? ቅኝት የእነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው። ቀንዳሙን ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ሽርሽር ነው፤ እሱም አይከፋም።

ቦታው በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ የሚገኘው ፍላት ቶፕስ የተባለው ጥብቅ ዱር ነው። ስፋቱ ወደ 95,000 ሄክታር ይጠጋል፤ በሕግ የተከለለው በ1975 ነው። መልኩን በአንድ ቃል ለመናገር አምባ ነው፦ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ከላይ ተነጥፎ፣ ዙሪያው በገደል ተቆርጦ፣ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ። ወሎ ወይም ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ገደሉን ሲያይ መውጫ በሩ በየት በኩል ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ልዩነቱ ከገደሉ ሥር ያለው ነው፤ እርሻ ሳይሆን በስፕሩስና በፈር ዛፎች የጠቆረ ጫካ። ኮሎራዶ በኤልክ ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ናት፤ ከግዛቱም ትልቁ መንጋ ሐምሌንና ነሐሴን የሚውለው በዚህ አምባና በዙሪያው ነው። ዴንቨርና አውሮራ ላሉ አበሾች መንገዱ የግማሽ ቀን ነው።

ሰዓቱ ሁሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ስልኩ 6:20 ሲል እዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ነው።

ከመነሣት በፊት

ለቅኝት ፈቃድ አያስፈልግም፤ የአደኑ ወረቀት ግን ከወራት በፊት ይጀመራል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝ ትምህርት መውሰዱን የሚያሳይ ካርድ ከሌለው ፈቃድ አያገኝም። የዕጣ ማመልከቻ የሚዘጋው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ለሚነቃ ሰው የሚቀርለት ያለ ዕጣ የሚሸጠው ብቻ ነው። የቀስት አደን ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30፣ በእኛ ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20 ይቆያል። የኮሎራዶ ነዋሪ በብዙ የአደን ክልሎች ይህን ፈቃድ ያለ ዕጣ ይገዛል። ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ሰው ግን ከ2025 ጀምሮ በምዕራቡ ክፍል በዕጣ ሆኗል፤ ከቨርጂኒያ ወይም ከዳላስ ዘመድ ለመጋበዝ ያሰበ ይህን አስቀድሞ ይንገረው።

የቅኝቱ ግማሽ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ ከሳተላይት ፎቶና ከከፍታ መስመር ካርታ ፊት ነው። የሚፈለገው ወደ ሰሜን የዞረ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ በጫካው ውስጥ ቁልቁለቱ ለአፍታ የሚያርፍበት እርከን፣ ከእርከኑ አጠገብ ምንጭ ወይም ረግረግ፣ ከዚያም በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሣር ያለበት ጨፌ ነው። አራቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። አሥር ያህል ምልክት ተይዞ ይኬድና ሜዳው ላይ ሰባቱ ይሰረዛሉ፤ ያለ ነገር ነው። ካርታው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ስልኩ ላይ መጫን አለበት፤ ከአምባው ላይ ሲግናል የለም ማለት ይቻላል። የወረቀት ካርታም ይያዝ፤ ብርድ የስልክን ባትሪ በአንድ ሌሊት ይበላዋልና ስልኩ ራሱ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ያድራል።

ድሮን መያዝ ዋጋ የለውም። ኮሎራዶ ውስጥ ለአደን ብሎ የዱር እንስሳ በድሮን መፈለግ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በጥብቅ ዱር ውስጥ ደግሞ ማስነሣቱም ማሳረፉም አይቻልም። ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ ፎቶውን ወዲያው ወደ ስልክ የሚልክ ከሆነ በዚያው ቀን ለአደን መጠቀሚያ ማድረግ ክልክል ነው። ብስክሌትና ባለ ጎማ ጋሪም አይገቡም፤ የሥጋው ነገር ሲመጣ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ምግቡ ላይ የእኛ ሰው ዕድለኛ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ነው፤ የጾም ስንቅ ደግሞ የተራራ ስንቅ ነው። ለአንድ ሰው በቀን በሶ 150 ግራም፣ ቆሎና ለውዝ ተደባልቆ 200 ግራም፣ ድርቆሽ 150 ግራም፣ ሽሮ 80 ግራም፣ ዘይት 40 ግራም፣ ቴምር 80 ግራም ቢያዝ ጠቅላላው 700 ግራም ሆኖ ወደ 2,900 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ለሚወጣ ትልቅ ሰው ይህ ዝቅተኛው ነው። ድርቆሹ አጥንት እስኪሆን መድረቅ አለበት፤ እርጥበት የቀረበት እንደሆነ ላስቲክ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። በሶው ውኃ ስለሚጠይቅ ምንጭ በሌለበት ገደል ጠርዝ ላይ ሲዋል ቆሎ ይሻላል። ለማብሰያ ለሁለት ሰው አንድ 230 ግራም የጋዝ ቆርቆሮ ለአራት ሌሊት ይበቃል፤ ከነፋስ ከልሎ ለሚያበስል።

አንደኛ ቀን፦ ዴንቨር፣ ሚከር፣ ሐይቁ

ከዴንቨር በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ እስከ ራይፍል፣ ከዚያ በ13 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን 66 ኪሎ ሜትር እስከ ሚከር። ከሚከር በኋላ ነዳጅ ይገኛል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ታንኩ እዚህ ይሞላል። ከተማው ውስጥ ያለው የደን አገልግሎት የብላንኮ ወረዳ ቢሮ ሳይጎበኝ አይታለፍም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የእሳት ክልከላ አለ ወይ? የትኛው መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ አልተጠረገም? በጎቹ በዚህ ሳምንት የት ናቸው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። አምባው ላይ በፈቃድ የሚሰማራ የበግ መንጋ አለ፤ በጎች በገቡበት ሸለቆ ደግሞ ኤልኩ ለቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የትናንት ካርታ በበጎቹ ምክንያት ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከሚከር በወረዳው 8 ቁጥር መንገድ የዋይት ወንዝን ሰሜናዊ ቅርንጫፍ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ይጀምራል። በስተመጨረሻ ወደ ቀኝ ታጥፎ በ205 ቁጥር የደን መንገድ ወደ ትራፐርስ ሐይቅ ይደረሳል። ከሚከር ጠቅላላው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተራ መኪና በደረቅ ጊዜ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከዘነበ ግን ጠጠሩ ጭቃ ስለሚሆን ከ9 ሰዓት በፊት መድረስ ጥሩ ነው።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,930 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ትንሽ ከፍ ይላል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች በአንድ ቀን የተወጣው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ማደግም ለዓመታት ዝቅ ብሎ ለኖረ ሳንባ ዋስትና አይሆንም። የመጀመሪያው ሌሊት እዚሁ ሐይቁ አጠገብ ባሉት የድንኳን ሜዳዎች ላይ የሚታደረውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምባው ላይ ወጥቶ የሚያድር ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት የሁለተኛውን ቀን ማለዳ ድንኳን ውስጥ ይጨርሳል። ከሐይቁ ዳር እስከ 400 ሜትር ባለው ርቀት ከተመደቡት ሜዳዎች ውጪ ድንኳን መትከል የተከለከለ ነው።

ክልከላው ታሪክ አለው። በ1919 አርተር ካርሃርት የተባለ የደን አገልግሎት የመሬት አቀማመጥ ንድፍ ባለሙያ ለበጋ መዝናኛ ቤቶች ቦታ እንዲለካ ወደዚህ ሐይቅ ተላከ። ልኬቱን ጨርሶ ያቀረበው ሐሳብ ግን ምንም ቤት እንዳይሠራ ነበር፤ አለቆቹም ተቀበሉት። ከ45 ዓመት በኋላ በ1964 ለወጣው የጥብቅ ዱር ሕግ መነሻ ከሆኑት አንዱ ይህ እንደሆነ ይነገራል። መሬቱ ከዚያ በፊት የዩት ሕዝብ ነበር፤ በ1879 ከሚከር አጠገብ ከተደረገው ግጭት በኋላ ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ዩታ ተወሰደ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከሐይቁ ራስጌ የቆመው አምፊቲያትር የተባለው ገደል ሥር በባይኖኩላር ይታያል። በዚህ ምሽት የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ዓይንን ማለማመድ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ወደ አናቱ

ወደ ዎል ሐይቅ የሚወስደው መንገድ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከ16 እስከ 18 ኪሎ ለተሸከመ ሰው የሦስት አራት ሰዓት ሥራ ነው፤ የከሰዓቱ ደመና ሳይሰበሰብ አናት ለመድረስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል። መንገዱ በ2002 ቢግ ፊሽ የተባለው እሳት በበላው ጫካ ውስጥ ያልፋል። እሳቱ የሐይቁን አሮጌ ማረፊያ ሎጅ ጨምሮ ብዙ ወስዷል። ቆመው የደረቁት ግንዶች ሥራቸው በስብሷል፤ ነፋስ በነሣ ቁጥር አንዱ ይወድቃል። እዚያ ውስጥ ለእረፍት መቀመጥም፣ ድንኳን መትከልም አይገባም።

ካምፕ የሚመረጠው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ ዛፎች ቁጥቋጦ በሆኑበት ቦታ ነው። ከውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ጎድጓዳ ቦታ ከነፋስ ይጋርዳል ግን ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ይጠራቀምበታል፤ አሥር ሜትር ከፍ ብሎ የተተከለ ድንኳን በግልጽ ይሞቃል፣ ጠዋትም ላቡ ያንሳል። ነሐሴ ቢሆንም ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ስሊፒንግ ባጉ እስከ 7 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል ይሁን። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ስስ ከሆነ የባጉ ጥራት አያድንም፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ጨፌው ዳር፣ ፊቱን ለሜዳው ሰጥቶ የተተከለ ድንኳን ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኤልኩ ግን በዚያ ጨፌ አይበላም።

እዚህ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ ግሪዝሊ የተባለው ትልቁ ቡናማ ድብ ከኮሎራዶ ከጠፋ ቆይቷል። ምግብ በገመድ ለማንጠልጠል ከመሬት አራት ሜትር፣ ከግንዱ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት። አናቱ ላይ ያሉት ዛፎች ለዚህ አይበቁምና ድብ የማይከፍተው ጠንካራ በርሜል መሸከም የግድ ነው። ማብሰያውና በርሜሉ ከድንኳኑ 60 ሜትር ይራቁ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያለው ሽሮ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ ሲበስል የለበሱትን ልብስ ይዞ መተኛት አይመከርም።

በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 89 ዲግሪ ላይ ነው። ምስርና አተር ክክ እስኪበስሉ ጋዝ ይጨርሳሉ። ሽሮ ግን አስቀድሞ የተቆላ ዱቄት ስለሆነ ይሆናል፤ ከተለመደው አምስት ደቂቃ ያህል መጨመር ብቻ ነው። የምንጩ ውኃ ምንም ቢጠራ ጃርዲያ የተባለው ሆድ የሚያውክ ጥገኛ ተሕዋስ አለበት ብሎ መነሣት ይሻላል፤ ይጣራል ወይም ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይፈላል። ማጣሪያው ሌሊት ከቀዘቀዘ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ ከውጪ ምንም አይታይበትም፣ ማጣራቱን ግን ያቆማል። ቦታው እንደ ስልኩ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ማየት፣ ከዚያ መግባት

ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው፤ ጠርዙ ላይ መቀመጥ የሚገባው ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። 10 በ42 ባይኖኩላር ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሲታሰር በእጅ ከተያዘ ሁለት እጥፍ ያሳያል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ የሚታየው እንስሳው ሳይሆን እንቅስቃሴው ስለሆነ መነጽሩ ራሱ ከተንቀጠቀጠ ጆሮ ስታርገበግብ የነበረችው ሴት ታመልጣለች። ቴሌስኮፕ የሚወጣው አንድ ነገር ከተገኘ በኋላ ነው። ብዙ ሰው መነጽሩን ከወዲያ ወዲህ ይወረውራል፤ ቁም ነገሩ ተዳፋቱን በቁራጭ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ጎን መሸጋገር ነው። ዛፎች ቁም ናቸው፤ በመካከላቸው አግድም መስመር ከታየ ጀርባ ነው። ከኋላው ያለው ፈዛዛ ቢጫ ንጣፍ በጠዋት ብርሃን ከሁለት ኪሎ ሜትር ይለያል።

በዚህ ወር ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለይተው በትንንሽ ቡድን ከዛፍ መስመር በላይ ይሰነብታሉ፤ ነፋስ አለ፣ ዝንብ የለም፣ ሣሩ ለጋ ነው። ቀንዳቸው ገና በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ቆዳው የሚላጠው በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይታለላል። አናቱ ላይ አምስት ወንድ አይቶ ቦታውን ያጸናል፣ መስከረም ሲመጣ ግን አንዱም የለም። የመራቢያ ጊዜ ሲቃረብ ወንዱ ወደ ሴቶቹ ይወርዳል፤ ጩኸቱ የሚበረታው በመስቀል ሰሞን ነው። ስለዚህ ከቀንዳሙ ይልቅ ግልገል ያስከተሉ ሴቶች የሚውሉበት ጨፌ የበለጠ ዋጋ አለው። ወንዱ ራሱ ይመጣል።

ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ መንጋው ከጨፌው ተነሥቶ ወደ ጥላ ይገባል። የገባበት ሰዓት፣ በየትኛው ዛፍ ጎን እንደገባ፣ ነፋሱ በዚያን ጊዜ ወዴት እንደነበረ ይመዘገባል። ከዚህ ምዝገባ በላይ የሚረባ ነገር ከዚህ ጉዞ አይገኝም።

ወደ ጫካው ለመግባት አየሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርት ባለ ቀን ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር ከተራራው ወደ ታች ይፈሳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው፣ ከ3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምሽት ጥላ ሲያርፍበት እንደገና ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ተዳፋት ቀድሞ ይገለበጣል፣ ወደ ሰሜን የዞረው ይዘገያል። አየሩ ሲወርድ ሰው ከእንስሳው በታች፣ ሲወጣ ከበላይ መሆን አለበት። በሚገለበጥበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ አየሩ ስለሚዞር ባሉበት መቀመጥ ነው። ሽታ የሌለው ስስ ዱቄት በትንሽ ጠርሙስ ተይዞ በየመቶ ሜትሩ እፍ ይባላል። ኤልክ በዓይኑ ያየውን አንዳንዴ ይጠራጠራል፤ በአፍንጫው ያገኘውን ግን አይጠራጠርም።

ስለዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ አየሩ ወደ ላይ ሲሆን፣ ከጠርዙ ወደ ሰሜን በዞረው ጫካ በኩል ከላይ ወደ ታች ይወረዳል። መጀመሪያ የሚገኘው መንገድ ነው፤ በተዳፋቱ ጎን አግድም የሚሄድ፣ ጥልቅ የሆነ፣ በግ የረገጠው የሚመስል። ኮቴው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከዚያ ረዝሞ ጫፉ ከሾለ ሙስ የተባለው ከኤልክ የሚተልቅ አጋዘን ነው፤ ክብ ሆኖ ሰፋ ካለ የቤት ከብት። ኩሱ በዚህ ወር እርጥብ ሣር ምክንያት በጠጥም እበትም ያልሆነ፣ ተጣብቆ የሚወድቅ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የዛሬ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ የሁለት ሦስት ቀን። እርከኑ ላይ ሲደረስ ሣሩ የተኛባቸው ሞላላ መኝታዎች ይታያሉ፤ የበረት ሽታም አለ። እዚያ ላይ ምልክት አድርጎ ወዲያው መውጣት ነው። ዋናው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይህ ነው፦ መኝታ ቦታ አንዴ ይታያል፤ አደኑ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው እየተመላለሱ ማየት መንጋውን ከሸለቆው ማስወጣት ነው። ጥሪ ማስመሰያ ፊሽካም ቤት ይቅር።

ከእርከኑ በታች ምንጭ የሚያዥበት ረግረግ ካለ የጭቃ መንከባለያ ይፈለጋል። ውኃው ከደፈረሰ፣ ዳር ዳሩ ፀጉር ከተጣበቀበት ሥራ ላይ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጠርቶ ቢገኝም አይሰረዝ፤ ወንዱ በብዛት የሚመጣበት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ዛፍ ላይ ቀንድ የተፈገፈገበት ጠባሳም እንዲሁ ነው፤ ግራጫ ሆኖ የደረቀው የዓምናው ነው፣ ግን ዓምና በመስከረም ወንዱ እዚህ እንደነበር ይመሰክራል።

ከ6 ሰዓት በኋላ አናቱ ላይ መገኘት የለበትም። በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ደግሞ ሰው ነው። በብልጭታውና በድምፁ መካከል 30 ሰከንድ ካልሞላ ቁመቱ እኩል ወደሆነ ዝቅ ያለ ጫካ መውረድ፣ ነጠል ያለ ዛፍ ሥር አለመጠለል፣ እርስ በርስ ተራርቆ መቀመጥ ነው። ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስከሚጨልም፣ ሌላ የጠርዝ ቦታ ላይ ተመልሶ ይታያል።

አራተኛ ቀን፦ የሥጋው መንገድ

ይህ ቀን ኤልክ አይፈለግበትም። ምልክት ከተደረገበት ምርጥ ቦታ እስከ መኪናው ያለው መንገድ በእግር ይለካል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የጎለመሰ ወንድ ኤልክ 315 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አጥንቱ ወጥቶ የሚቀረው ሥጋ ከ90 እስከ 110 ኪሎ ነው። በአንድ ሸክም ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቢያዝ አራት ሸክም ይሆናል። ከመኪናው 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ለወደቀ እንስሳ አንድ ሰው ብቻውን አራት ጊዜ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ 56 ኪሎ ሜትር። ሁለት ሰው ከሆኑ እያንዳንዱ 24 ኪሎ ሜትር። የሚበላውን ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል፤ መስከረም መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቀኑ ይሞቃል። ቆዳው በመጀመሪያው ሰዓት ካልተገፈፈና ብልቱ ተለይቶ ነፋስ በሚያስገባ ጨርቅ ጥላ ውስጥ ካልተሰቀለ በታፋው አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ቀድሞ ይበላሻል፤ ከውጪ ቀዝቅዞ ውስጡ ትኩስ ሆኖ ስለሚቆይ ሳይታወቅ ነው የሚሸተው። ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቅ ቦታ በፈረስ የሚያወርድ ባለ ፈቃድ ሰው ሚከር አካባቢ አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ስልክ የሚደወለው እንስሳው ከወደቀ በኋላ ከሆነ ፈረሶቹ ሥራ ላይ ናቸው።

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይበላል ወይ ብሎ ነው። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳም ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይጨርስ።

መንገዱ ሲለካ ከርቀቱ ይልቅ የወደቀው ግንድ ነው የሚፈርደው። ወደ ቢግ ፊሽ ሐይቅ በሚወስደው በኩል ያለው የእሳቱ ጠባሳ ለምለም ነው፤ ብርሃን ስለገባበት ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ኤልኩም ይወደዋል። ግንዶቹ ግን እርስ በርስ ተደራርበው ወድቀዋል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለማለፍ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ 30 ኪሎ ተሸክሞ በየግንዱ ላይ እግር ማንሣት ጉልበት ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትም ይጠይቃል። በእኛ ግምት ከዋናው የእግር መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በወደቀ እንጨት ውስጥ የሚርቅ ቦታ፣ ኤልክ ቢርመሰመስበትም፣ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት።

ወንዙ ዳር ባለው የአኻያ ቁጥቋጦ ውስጥ ሙስ አለ። ግልገል ያላት ሙስ ከድብ ይልቅ ታስፈራለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጣበቀች ሮጦ ወፍራም ዛፍ ኋላ መግባት ነው። በየዓመቱ ኤልክ ነው ብሎ ሙስ የሚመታ አዳኝ አይጠፋም፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። በጎቹን የሚጠብቁት ትልልቅ ነጭ ውሾች ሲመጡ ደግሞ መሮጥ አይገባም፤ ቆሞ በረጋ ድምፅ እያናገሩ መንጋውን በሰፊው መዞር ነው። የራስን ውሻ ይዞ መምጣት እዚህ ቦታ ላይ ችግር መጥራት ነው።

አምስተኛ ቀን፦ መውረድ

ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ከጠርዙ ታይቶ ድንኳኑ ይነቀላል። ጤዛ ያረሰው ድንኳን ቤት ሲደረስ ወዲያው ካልተሰጣ ሽፋኑ ይላጣል።

ከሐይቁ ከመነሣት በፊት ስልኩ ላይ ያሉት ምልክቶች ይጸዳሉ። ሦስት ቦታ ይበቃል፦ አንደኛው ሴቶቹ ያሉበት ጨፌ፣ ሁለተኛው መንጋው ሲረበሽ የሚገባበት ጥቁር ጫካ፣ ሦስተኛው ሌላ አዳኝ ቀድሞ ድንኳን ተክሎ ከተገኘ የሚኬድበት ሌላ ሸለቆ። ለእያንዳንዱ ጠዋት በየት፣ ማታ በየት እንደሚገባ ከአየሩ አቅጣጫ ጋር ይጻፋል። የቀንዱ ሕግም አብሮ ይጻፍ፤ በብዙዎቹ ክልሎች ወንድ ለመምታት በአንዱ ቀንድ ላይ አራት ጫፍ ወይም ከዓይን በላይ ያለው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 5 ኢንች መሙላት አለበት፤ ይህን በጠመንጃም በቀስትም አነጣጥሮ ሳይሆን በባይኖኩላር መለየት ነው።

ይህ ሁሉ ለቀስት ወቅት የሚሠራ ነው። የጠመንጃው አደን የሚጀምረው ጥቅምት ገደማ ነው፤ በረዶ ከጣለና አዳኝ ከበዛ መንጋው አናቱን ትቶ ወደ ታች፣ ብዙ ጊዜም አዳኝ ወደማይገባበት የግል እርሻ ይወርዳል። በጠመንጃ ለሚወጣ ሰው ስለዚህ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ያለውን የአስፐን ጫካና የመንግሥትና የግል መሬት ወሰን መቃኘት ይቀረዋል፤ ከሐይቁ ወደ ሚከር ሲመለሱ መንገዱ የሚያልፈው በዚያው ስለሆነ ግማሽ ቀን ለእሱ ማትረፍ ይቻላል።